ተቃውሞ፦ አንድ

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 1973፣ ማታ

እግሬ አብጧል። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሸ፣ ከዚያ እስከ መካኒሳ በእግር። ቀኑን ሙሉ የጽሕፈት መኪና ስደበድብ ውዬ ማታ ደግሞ አስፋልት ስደበድብ። ደብተሬ፣ ዛሬ ሁለት መስመር ጽፌልህ ልተኛ ነበር። አልሆነም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተካ የቤቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። (ከእንግዲህ ሊ/መ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ስሙን ለመጨረስም ጉልበት የለኝም።) በብብቱ መጽሐፍ ይዟል። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የአሜሪካ ተማሪዎች ስለ አገራቸው መንግሥትና ፖለቲካ የሚማሩበት። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁም። ትእዛዝ፦ ዋና ዋናዎቹን ቃላት አውጥቼ፣ በአማርኛ ፈትቼ፣ በየሐሙሱ ለውይይት ክበቡ ላስረዳ። ጠላትን ከነቋንቋው ማወቅ ያስፈልጋል ይላል። ከቀበሌ በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽ/ቤት መመሪያ ወርዷል።

ለምን እኔ? እንግሊዝኛ ስለማውቅ። እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ ፋብሪካችን የመለዋወጫ ዕቃ የሚያዝበትን ነው። "ውድ ጌታዬ" ብሎ ይጀምራል፣ "የእርስዎ ታማኝ" ብሎ ያልቃል፣ መሐሉ ብሎንና ቺንጋ ነው። ይህን ስነግረው ሳቀ። ሰው ፊት "ጓድ አልጋነሽ" ይለኛል፣ ብቻችንን ስንሆን "እትዬ"። ዛሬ "እትዬ" ነበር ያለኝ። እሺ አልኩት። እምቢ ማለትም አቅም ይጠይቃል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ጥቂት ገጽ አነበብኩ። ዓይኔ ቆሰለ። ኮንግረስና ሴኔትን እንዳሉ ተውኳቸው፣ ሬዲዮኑም እንደዚያው ነው የሚጠራቸው። ኮረም፦ ምልዓተ ጉባኤ። ይህ ቀላል ነው፣ የእድራችን ጸሐፊ ሳይቀር ያውቀዋል። ቪቶ፦ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት። ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ፕሬዚዳንቱ አልቀበልም ካለ ሕጉ ተመልሶ ይሄዳል። አንድ ሰው፣ አንድ ቃል፣ ሕጉ ቀጥ። ጉድ ነው።

ኢምፒችመንት ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ። መሪን ከሥልጣን ለማውረድ በምክር ቤት መክሰስ። ይህን ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ በአማርኛ አስረድቼ ቤቴ ልገባ ነው? ዘለልኩት። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ አንድ ቃል ቢጎድል ማንም አያውቅም።

ማርታ አንኳኳች። ጎረቤቴ ናት፣ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። የሶዶ ልጅ፣ ጴንጤ፣ የሁለት ልጆች እናት። ባሏ ጴጥሮስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ለሰሜን ጦር ስንቅ እንዲያደርስ ከነመኪናው ከወሰዱት ዓመት አልፏል። ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ የተመዘገበው በጴጥሮስ ስም። ቀበሌው አሁን ሰውየው ያለ ማስረጃ ጠፍቷል፣ ቤቱ ተመላሽ ይሁን ይላል። እሷ እንዳትወርስ የጋብቻ ወረቀት የላትም። የተጋቡት በጸሎት ቤታቸው ነበር፤ ጸሎት ቤቱ ታሽጓል፣ መዝገቡም እዚያው ውስጥ ቀርቷል። በወረቀት ሲታይ ማርታ የማንም ሚስት አይደለችም። የባሏ መ/ቤት "በግዳጅ ላይ ነው" የሚል አንዲት ቁራጭ ከሰጣት ቤቱ ይተርፍላታል። ጠይቃለች። ከሰሜን ማረጋገጫ እስኪመጣ ጠብቂ አሏት። ጉዳዩ ግን በሚመጣው እሑድ ለጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል። ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ለአንድ የከፍተኛው ሹም ወንድም ታስቧል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እኔም።

ማመልከቻ ጻፍኩላት። ስጨርስ እዚያው ቆማ ጸለየችልኝ። ረጅም ጸሎት። እኔ የሚካኤል ሰው ነኝ፣ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። ግን ደስ አለኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ለእኔ ብሎ የጸለየ ሰው አላስታውስም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ውይይት ክበብ። ግማሹ ሰው እንቅልፍ ላይ፣ ግማሹ የሚያስነጥስ። ከሥራ ነው የመጡት፣ ምን ይበሉ። እኔም እየተናገርኩ ሳዛጋ ራሴን ያዝኩት።

ጋሽ ተሰማ ብቻ ነቅቶ ነበር። ከማርታ ግድግዳ በወዲያ በኩል የሚኖረው ሽማግሌ። በጃንሆይ ጊዜ ነገረ ፈጅ ነበር፣ ፍርድ ቤት ለሰው እየተሟገተ የኖረ። ሥራው ቀርቷል፣ አፉ አልቀረም። ክበቡ የሚመጣው ለማርክሲዝም አይደለም፣ የሚሰማው ሰው ፍለጋ ነው።

ፊሊበስተር ላይ ደረስኩ። አንድ የሴኔት አባል ድምፅ እንዳይሰጥበት የሚፈልገው ጉዳይ ሲመጣ ይነሣና መናገር ይጀምራል። ስለፈለገው ነገር ይናገራል። እስካልተቀመጠ ድረስ ቃሉን የሚነጥቀው የለም። ጊዜው ያልቃል፣ ጉዳዩ ያድራል። እንዲህ ብዬ አስረዳሁ።

ጋሽ ተሰማ እጁን አወጣ። ማንም አያስቀምጠውም? አለ። አያስቀምጠውም አልኩ። ዳኛው እንኳ? ዳኛውም። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ። ሊ/መ ጣልቃ ገብቶ ይህ የቡርዥዋ ዲሞክራሲን ባዶነት ያሳያል አለ። ጋሽ ተሰማ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ። እጅግ ባዶ ነው፣ እጅግ! አለ። ሲወጣ ግን እርምጃው የጎረምሳ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ከሰዓት በኋላ

ደብተሬ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ስቄያለሁ። ትራሴን አፌ ላይ ይዤ።

ጠቅላላ ስብሰባ ነበር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ሰው የስኳር ካርዱ ላይ ማኅተም አያገኝም። የማርታ ቤት አጀንዳ ተይዟል። እሷ ኋላ ወንበር ላይ፣ ትንሿን ልጅ አዝላ።

እንደ ወጉ ሂስና ግለሂስ ይቀድማል። ሁለት ሦስት ሰው ይነሣል፣ በጽዳት ዘመቻ ሰንፌያለሁ፣ አርፍጃለሁ ይላል፣ ይጨበጨብለታል፣ ወደ አጀንዳ ይገባል። ዛሬ ጋሽ ተሰማ ተነሣ። ግለሂስ አለኝ አለ።

ከአባቱ ጀመረ። አባቱ ጭቃ ሹም ነበሩ፤ ስለዚህ እሱ ከማሕፀን ጀምሮ የፊውዳል ርዝራዥ ነው። ከዚያ አያቱ። ከዚያ የቄስ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ነገረ ፈጅነቱ። ለባላባት የተሟገተውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ በንስሐ ድምፅ። የላፍቶን የወሰን ክርክር ከነምስክሮቹ ስም ዘረዘረው። የትኛው ምስክር በሐሰት እንደማለ፣ የትኛው አንካሳ እንደነበረ። ወደ ጀሞ አለፈ፤ አንድ በሬ የሰው ማሳ ገብቶ ይግባኝ ድረስ የሄደ ነገር አለ። የበሬውን ቀለም ነገረን።

ሊ/መ ሰዓቱን አየ። ጓድ ተሰማ፣ ጥሩ ግለሂስ ነው፣ ይብቃ አለ። ጋሽ ተሰማ ቀስ ብሎ፦

"ጓድ ሊቀመንበር፣ በጭቁኑ ሕዝብ ላይ የሠራሁትን በደል እንዳላጋልጥ እየከለከሉኝ ነው?"

ግለሂስን ማቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሊ/መ ተቀመጠ። ይቀጥሉ አለ። ጋሽ ተሰማ ወደ በሬው ተመለሰ።

እሑድ ቦኖው ውሃ የሚሰጠው ከስድስት ሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ነው። ስድስት ሲል ሴቶቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። አንዷ ልጄን ላጥባ ብላ ወጣች። አንዷ ምጣድ ጥጄ አለች። ከዚያ ውጭ የእንስራና የጀሪካን ድምፅ ተሰማ፣ የቀረው ወንዱም ሴቱም ተከትሎ ወጣ። ጋሽ ተሰማ ገና የንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ላይ አልደረሰም። ጸሐፊው ቆጠረ። ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ። አጀንዳው ለሚቀጥለው እሑድ ተዛወረ።

መንገድ ላይ ደረስኩበት። ድምፁ ተዘግቷል። ጋሼ፣ ጴንጤ አይወዱም፣ ማርታ ስትዘምር ግድግዳ የሚደበድቡ እርስዎ አይደሉም እንዴ አልኩት። አሁንም አልወድም፣ ማታ ማታ ትረብሸኛለች አለ። "ግን የኔ ልጅ፣ አብዮቱ ከመጣ እኮ አንድ ክርክር አልቆምኩም!"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ደክሞኛል። ሊ/መ መጣ። አልተቆጣም፣ ይህ ነው የሚያስፈራው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና የጻፍኳቸውን ቃላት ልይ አለ። እትዬ፣ እዚያ አገር አንዱ እንዲህ አላስቀምጥ ሲላቸው ምን ያደርጋሉ ብሎ ጠየቀኝ።

ክሎቸር የሚሉት አለ፣ ንግግር መዝጊያ ውሳኔ፣ በቂ ሰው ከተስማማ የሚናገረው ጊዜ ይወሰንበታል አልኩት። አመሰገነኝ። በትንሽ ወረቀት ጽፎ ኪሱ ከተተው። የቃል ፍቺ ጠየቀ፣ የቃል ፍቺ ሰጠሁ። ምላሴ የሚሠራው እንደ ጽሕፈት መኪናው ነው፣ የነኩትን ይጽፋል። ማርታ ትዝ ያለችኝ በሩን ዘግቼ ስመለስ ነው። ዕቃ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሽንኩርት ከተፍኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። በየደጁ ቆሻሻ ይነዳል። ከጠዋት ጀምሮ ጢስ ነው፣ ማዶ ላፍቶ ያለው የጤፍ ማሳ አይታይም። የማርታ ልጆች ሲስሉ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

ከሥራ ስመለስ ትልቁ ልጅ ደጃፋቸው ላይ የአባቱን አሮጌ ቱታ ይዞ ቆሟል። እናቱ ለእሳት ካወጣችው ጨርቅ መሐል ነጥቋት ነው። ማርታ አልተቆጣችውም። መልሳ አስገባችው።

ማታ ቃላት። ማጆሪቲ፦ አብላጫ ድምፅ። ማይኖሪቲ፦ አናሳ ድምፅ። ኦፖዚሽን፦ ተቃዋሚ ወገን፣ እዚያ ደመወዝ ተከፍሎት ምክር ቤት ይቀመጣል ይላል መጽሐፉ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዎ፣ ደመወዝ።

እኛም እኮ ቃሉ አለን። ድምፅ ሲሰጥ ሊ/መ ሁልጊዜ ይጠይቃል። የሚደግፍ ይልና እጅ ይወጣል፣ ከዚያ "ተቃውሞ-የለም-ድምፀ-ተአቅቦ-የለም" ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል፣ ይጨበጨባል። ይህን ያህል ዓመት ሰምቼው ጥያቄ መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር። እንደ አሜን ነው የሚመስለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ ማታ

ያደረግሁትን አላምንም።

የመጀመሪያው ውሳኔ፦ ማንም ተናጋሪ ከአምስት ደቂቃ በላይ እንዳይናገር፣ ግለሂስም በጽሑፍ እንዲሆን። ሊ/መ ከኪሱ ያቺን ወረቀት አውጥቶ ነው ያነበበው። በጭብጨባ ጸደቀ። ጋሽ ተሰማ ተነሣ፣ ወንበሩን እንኳ ሳያስተካክል አምስት ደቂቃው አለቀ። ጎማው እንደተነፈሰ መኪና ቁጭ አለ።

ማርታን ተናገሪ አሏት። ባሌ አልጠፋም፣ መንግሥት ነው የወሰደው፣ ወረቀቱ እየመጣ ነው አለች። ሌላ ምን ትበል። ተቀመጠች።

የሚደግፍ? ሁሉም እጅ ወጣ። ወ/ሮ ጥሩነሽ፣ በወሊድ ጊዜ ማርታ ያረሰቻት። ባለሱቁ። የቦኖው ዘበኛ። መሬት መሬት እያዩ ነው ያወጡት። ጋሽ ተሰማም አወጣ፣ እጁ ጆሮው ድረስ ደርሶ እዚያ ቀረ። አልፈርድበትም። ባለፈው እሑድ ማታ ሁለት ሰዎች ቤቱ ሄደው ነበር፣ ምን እንዳሉት አልነገረኝም። ማርታ ባለጉዳይ ናት፣ ድምፅ የላትም፤ እኔ ብቻ ነበርኩ እጄን ያላወጣሁ፣ እሱም ድካም መስሎኝ ነበር።

ሊ/መ፦ ተቃውሞ-የለም-

እጄ ወጣ።

አላሰብኩበትም፣ እውነቱን ነው የምነግርህ። ማርታ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻት፣ ያን አየሁ፣ ከዚያ እጄ እላይ ነበር። ሊ/መ የጀመረውን ዋጠው።

"ጓድ አልጋነሽ፣ ጥያቄ አለዎት?"

"ጥያቄ የለኝም።"

"እንግዲያው እጅዎን ያውርዱ።"

"ይቁጠሩኝና አወርደዋለሁ።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ! ጸሐፊው ሊ/መን አየ፣ ሊ/መ ጣሪያውን አየ። ጸሐፊው ጻፈ። ድጋፍ ይህን ያህል፣ ተቃውሞ አንድ። ቤቱ ተመላሽ እንዲሆን ተወሰነ። አብላጫ ድምፅ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል።

ስንወጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀልኝ። በአክብሮት አይደለም፣ እንዳልነካቸው ነው። ምንም አልጠቀምኳትም፣ ራሴን ነው ያሳየሁት። ተኛሁ፣ አልተኛሁም፣ ተነሥቼ ይኸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የቀበሌው ጸሐፊ ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ቆመ። ወደ መስኮቱ እያየ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ነገረኝ። ቃለ ጉባኤው ከከፍተኛው ተመልሷል።

ለምን? በእኔ ምክንያት። ቀበሌው ከተቋቋመ ጀምሮ የሄደው ቃለ ጉባኤ ሁሉ "በሙሉ ድምፅ" ነው የሚለው። "ተቃውሞ አንድ" የሚል አይተው አያውቁም። ተቀባዩ ለአለቃው አሳየ፣ አለቃው ለበላዩ። በየትኛው ፋይል እንደሚቀመጥ እንኳ ጠፋባቸው ይላል። ማኅተም አናደርግም አሉ። ግርጌው ላይ በቀይ ተጽፎ ነው የተመለሰው፦ ከተቃውሞው ጀርባ ማን እንዳለ ይጣራ፣ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ሆኖ እንደገና ይላክ። እስከዚያ ቤቱ ባለበት ይቆይ።

አንድ ፌርማታ አለፈኝ። ወርጄ ወደኋላ ተመለስኩ። በመንገዱ ሁሉ ያ ቃል አብሮኝ ሄደ። ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት። ፕሬዚዳንት አይደለሁ፣ ምን አይደለሁ፣ የብሎንና የቺንጋ ታይፒስት ነኝ። የሁሉንም እጅ አስቁሜያለሁ። መብቱን የሰጠኝም ሳያውቅ ነው፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ትንሽ ኮራሁ፣ አልዋሽህም። ቤት ስደርስ ግን "ከተቃውሞው ጀርባ ማን እንዳለ ይጣራ" የሚለው ትዝ አለኝ። ጀርባዬ ማን አለ? ግድግዳ ነው ያለው። ከግድግዳው ጀርባ ማርታ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ፋብሪካ። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው አስጠርቶኝ ጤናሽ እንዴት ነው አለኝ። ደህና ነኝ አልኩ። በርቺ፣ ራስሽን ጠብቂ አለኝ። ስለ ጤና አልነበረም።

ማታ ሊ/መ። ክስት ብሏል። ወረቀት አወጣ፣ ተጽፎ ያለቀ። በኅዳር 14ቱ ስብሰባ እጄን ያወጣሁት በስሕተት ነው፣ ውሳኔውን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፣ ይላል። ከታች ለፊርማ ቦታ። አጻጻፉ ላይ ሦስት ግድፈት አይቻለሁ፣ የልማድ ነገር።

እትዬ፣ በናትሽ አለኝ። ፈርሚና ሁላችንም እንገላገል። ካልፈረምሽ ሰኞ ለማጣራት ከፍተኛው ይወስዱሻል፣ እኔ ልከለክል አልችልም። እኔንም ቀበሌህን መምራት አቅቶሃል እያሉኝ ነው። ለማጣራት የሄደ ሰው አንዳንዱ በማግስቱ ይመለሳል። አንዳንዱ። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አልተነጋገርንበትም። ልጅ ነው እኮ፣ የትምህርት ቤት ቀለም ከእጁ ገና ያልለቀቀ ነው የሚመስለው። ውሃ ሰጠሁት። እሑድ ከሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ ብሎ ወረቀቱን ትቶልኝ ሄደ።

ግድግዳው ስስ ነው። ወዲያው ማርታ መጣች። ፈርሚ አለችኝ። ለእኔ ብለሽ እስር ቤት እንዳትገቢ፣ ልጆቼን ይዤ ሶዶ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፣ ጌታ ቤት ያዘጋጃል። ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነው።

ጮህኩባት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ባልሽ የመጣ ቀን የት ይፈልግሽ? በዚህ በር አንኳክቶ ሌላ ሰው ሲከፍትለት ማን ብሎ ይጠይቅ? ጌታ ሶዶ ድረስ ይመራዋል? ይህን ሁሉ አልኩ። ፈገግታዋ ጠፋ። ዓመት ሙሉ ይዛው የነበረውን እዚያው ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰችው። አብሬያት ቁጭ አልኩ። የልጆቿ ሳል እስኪጠራት ድረስ ሁለታችንም አልተነሣንም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ማርታ የባሏ መ/ቤት ደርሳ መጣች። ስሙ የተላከው አስመራ ነው፣ መልሱ ሳምንት ወይ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አሏት። ይህን ሲነግሯት የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬ ጠብቂ ብቻ ነበር።

ሁለት ሳምንት። እስከዚያ ሳልፈርም መቆየት፣ ከእኔ የሚፈለገው ይህ ብቻ ነው።

ጋሽ ተሰማ ማታ በጓሮ መጣ። ስለ እጁ ምንም አላለም፣ እኔም አላነሣሁም። ሙያውን ሊያበድረኝ ነው የመጣው። ምክንያት እንዳትሰጪ አለኝ። ለምን ተቃወምሽ ሲሉሽ ምክንያት ከሰጠሽ ምክንያትሽን ይከሱታል። ማርታ አሳዘነችኝ ካልሽ ከጴንጤ ጋር አበርሽ ይሆናል። ሕጉ ትክክል አይደለም ካልሽ በሕግ መጣሽ። ተጠየቅሁ፣ መለስኩ በይ። ተቃውሞ አለ ወይ ብሎ የጠየቀው ሊቀመንበሩ ነው። ከዚህ ውጭ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ። እኔ አንድ በሬ ከይግባኝ የመለስኩት ዝም በማለት ነው አለ። እሱና ዝምታ! ሳቅሁ፣ ከዚያ እሱም።

እሑድ፣ ኅዳር 21፣ ከሰዓት በኋላ

ጽዮን ናት። አስቀድሼ መጣሁ። ምን እንደጸለይኩ አላውቅም፤ ቆሜ ነበር፣ ያ ይበቃል።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ልፈርም ፈልጌ ነበር፣ ካንተ አልደብቅም። ጠዋት ብዕሩን አንስቻለሁ። ለመፈረም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚደክመኝ፣ ላለመፈረም ግን በየቀኑ። እኔ ደግሞ ሳልጀምረው የደከምኩ ሰው ነኝ። ጀግና አይደለሁም። ስብሰባ እጠላለሁ፣ ጩኸት እጠላለሁ፣ ምሽቴን ለብቻዬ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ መቀመጥ ነው የምፈልገው።

ግን "በስሕተት" የሚለው ቃል አላሳልፍ አለኝ። ቃል ስፈታ ከረምኩ፤ ይህን ልፈታው ብል ውሸት ሆነብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ፣ "የእርስዎ ታማኝ" እያልኩ ለማላውቀው ሁሉ፣ ያቺ እሑድ ያወጣኋት እጅ ብቻ ናት የራሴ። እሷን ስሕተት ካልኩ ምን ይቀረኛል?

ደግሞ ማርታ ነገም በራሷ በር ትገባለች። ከነገ ወዲያም። ጴጥሮስ በሕይወት ካለ፣ አስመራ ያለው ሰውዬ ያቺን ወረቀት ከጻፈ፣ ሁለት ሳምንት ከቻልኩ።

ሹራብ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ የእግር ቅባቴን በዘንቢል አስገብቻለሁ። የቤቴን ቁልፍ ለማርታ ሰጠኋት። ልትጸልይልኝ ብላ ጀመረችና አልወጣላትም፣ እጄን ብቻ ይዛ ቆመች።

የሊ/መ እርምጃ ነው፣ ከኮረብታው እየወረደ። ጠጠሩ ይሰማል። ዘንቢሉን ወደ በሩ አስጠጋሁት። አልፈርምም።